አጋዘን በሽጉጥ፦ ስለ በርሜል ርዝመትና ስለ ካሊበር የጠየቃችሁን

አንዳንዶቹ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻቸው አደን ስለ ጀመሩ፣ ሌሎቹ ራሳቸው ለመሄድ ጓዛቸውን እየሸከፉ ስለሆነ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተሰብስበዋል፦ ነጭ ጅራቱን አጋዘን በሽጉጥ ለማደን ምን ዓይነት በርሜልና ምን ዓይነት ካሊበር (የአረሩና የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት) ይመረጥ? የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል። እዚያ አገር በብዙ ስቴቶች ይህ ደንብ ወጥቶለት የሚካሄድ አደን ነው። የእኛ አገር ሁኔታ ሌላ ስለሆነ እሱን ለብቻው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ልሄድ ነው። እዚያ የሚኖረው አጎቴ ባለ 4 ኢንች በርሜል .357 ማግነም ሪቮልቨር አለው፤ በመጪው ወቅት አጋዘን አደን አብረን እንድንወጣ ይፈልጋል። አንዱ «በርሜል ሲረዝም ጥይት ይበረታል» ይለኛል፣ ሌላው «ሽጉጥ ምን ቢረዝም ሽጉጥ ነው» ይለኛል። ስንት ኢንች ይበቃል? እኔስ እዚያ መሣሪያ መያዝ እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከሸዋ በር፣ ደሴ

መልስ፦ ከርዝመቱ በፊት ሕጉን እንይ፤ በአጎትዎ ሽጉጥ ኦሃዮ ውስጥ አጋዘን ማደን አይፈቀድም። የስቴቱ ደንብ ለአጋዘን የሚያዝ ሽጉጥ በርሜሉ ከ5 ኢንች እንዳያንስ፣ ጥይቱም ቀለሁ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ያልጠበበ፣ ካሊበሩም .357 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ያዛል። የአጎትዎ ካሊበር ያልፋል፣ በርሜሉ ግን በአንድ ኢንች ይወድቃል። ጎረቤቷ ኢንዲያና በ4 ኢንች በርሜል ትፈቅዳለች፤ በእሷ ዘንድ ደግሞ የአረሩ ውፍረት ከ.243 ኢንች፣ የቀለሁ ርዝመት ከ1.16 ኢንች ማነስ የለበትም። አንድ ሽጉጥ እዚህ ሕጋዊ ሆኖ ድንበር ሲሻገር ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታተም የዓመቱን መመሪያ ሳያነብቡ መሣሪያ አይግዙ።

የበርሜል አለካክም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሪቮልቨር ላይ በርሜል የሚባለው ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ሲሊንደሩ ፊት ያለው ብቻ ነው፤ ጥይቱ የሚተኛበት ሲሊንደር አይቆጠርም። በካዝና በሚጎርስ ሽጉጥና እንደ ቶምሰን ሴንተር ኮንቴንደር አንድ አንድ ብቻ በሚጎርሰው ላይ ግን ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል አብሮ ይለካል። ስለዚህ 5 ኢንች የተባለ ባለ ካዝና 10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ውስጥ አረሩ በጥምዙ (በርሜሉ ውስጥ በተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር) ላይ የሚጓዘው 4 ኢንች ያህል ነው። ሁለቱን ዓይነት በወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወደ ክርክራችሁ እንግባ። በርሜል ሲረዝም ጥይት ይፈጥናል መባሉ እውነት ነው፤ ትርፉ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። በማግነም ሪቮልቨሮች አንድ ኢንች ሲጨመር ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ8 እስከ 15 ሜትር ያህል ቢያድግ ነው። የ.44 ማግነም 240 ግሬን (15.6 ግራም) አረር ከ7.5 ኢንች በርሜል በሴኮንድ 400 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከ6 ኢንች ቢሆን 385 ገደማ። በዚህ ልዩነት ምክንያት በ50 ሜትር ላይ የሚተርፍም የሚወድቅም አጋዘን የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት ጋዝ ያባክናል። በደኅና ሽጉጥ ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ እየሰፋ ሲሄድ ፍጥነቱ ይወርዳል። ክፍተቱ የጠበበ ባለ 6 ኢንች፣ ክፍተቱ የሰፋ ባለ 7.5 ኢንችን በፍጥነት ሲበልጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

የረጅም በርሜል ትልቁ ጥቅም ያለው ማነጣጠሩ ላይ ነው። በብረት ማነጣጠሪያ ሲተኮስ ዋናው ቁጥር በኋላኛውና በፊተኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ነው። ባለ 4 ኢንች ሪቮልቨር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ባለ 7.5 ኢንች ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እጅዎ ተንቀጥቅጦ የፊተኛው ማነጣጠሪያ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ በ50 ሜትር ላይ አጭሩ ሽጉጥ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ ረጅሙ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመሃሉ 10 ሴንቲ ሜትር መሳት ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፤ 17 መሳት ሆድ ወይም እግር መምታት ነው። ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ እንጂ ከጥይት ድክመት አይደለም።

ታዲያ ለምን 9.5 ኢንች አንይዝም? የሩገር ሱፐር ሬድሆክ በ7.5 ኢንች 1.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በ9.5 ኢንች ክብደቱ ከ1.6 ያልፋል፣ ክብደቱም ወደ ፊት ይሳባል። ክንድ ሳይደገፍ ለረጅም ጊዜ መያዝ ያቅታል፤ ዛፍ ላይ በተሰቀለ መቀመጫ ሲዞሩበትም ቅርንጫፍና ገመድ ይይዘዋል። የወገብ ማኅደር ውስጥ ሆኖ ሲቀመጡ መሬት ይነካልና የደረት ማኅደር ያስፈልገዋል። የእኛ ምርጫ ከ6 እስከ 7.5 ኢንች ነው። በብረት ማነጣጠሪያ የሚተኩስ ወደ 7.5 ያድላ። ቀይ ነጥብ (በመስታወት ላይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ወይም አጉሊ መነጽር የሚጭን ሰው የማነጣጠሪያዎቹ ርቀት ስለማይመለከተው 6 ኢንች ይበቃዋል፤ ከኦሃዮው ወሰንም በአንድ ኢንች ይርቃል።

መሣሪያ መያዝን በተመለከተ፣ በዲቪ ሲገቡ ቋሚ ነዋሪ ስለሚሆኑ የፌዴራል ሕጉ አይከለክልዎትም፤ በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ቢሆን ግን በመሠረቱ ክልክል ሆኖ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ የሚኖሩበትን አድራሻ የያዘ መታወቂያ ማቅረብ፣ 4473 የተባለውን ቅጽ መሙላትና የወንጀል መዝገብ ማጣሪያውን ማለፍ ይጠበቅብዎታል። ቅጹ ላይ አንድ ነገር አስመስሎ መሙላት በራሱ ወንጀል ነው፤ ያልገባዎትን ጥያቄ ሳያስተረጉሙ አይፈርሙ። ከዚያ የአዳኞች ትምህርት፣ የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘን ፈቃድና ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ባል ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ አለው፤ አሁን ግን «.500 ካልሆነ አጋዘን አይወድቅም» ብለውት ትልቁን ሊገዛ ነው። ገንዘቡ ይቆጨኛል። እውነት ነው ወይ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እውነት አይደለም። ከመክፈሉ በፊት ግን ኮሎራዶ የምትጠይቀውን ይመልከት፤ በርሜል ከ4 ኢንች፣ ካሊበር ከ.24 እንዳያንስ፣ አረሩ ሲመታ የሚከፈት ዓይነት እንዲሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ50 ያርድ (46 ሜትር) ላይ ቢያንስ 550 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 746 ጁል ጉልበት እንዲቀርለት። ብዙዎችን የሚጥለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ጥይቶቹን በጉልበታቸው እንደርድራቸው። የተለመደው .357 ማግነም 158 ግሬን (10.2 ግራም) አረር ከ4 ኢንች በርሜል ሲወጣ 725 ጁል ገደማ አለው፤ ገና ከአፈሙዙ ሳይርቅ ከኮሎራዶ ወሰን በታች ነው። 10 ሚሊ ሜትሩ ከአፈሙዙ ያልፋል፣ 46 ሜትር ሲደርስ ግን ወሰኑ ላይ ይንጠለጠላል፤ የጥይቱን ካርቶን አገላብጦ በ50 ያርድ ያለውን ቁጥር ማንበብ ግዴታው ነው፤ ካላለፈ አይያዝ። .41 ማግነም 210 ግሬን (13.6 ግራም) ከ1,050 ጁል ጥቂት ከፍ ይላል፣ ይበቃል። .44 ማግነም በ240 ግሬን 1,240 ጁል ገደማ ስላለው በ46 ሜትርም ወሰኑን በሰፊው ያልፋል። .454 ካሱል 300 ግሬን (19.4 ግራም) 2,300 ጁል አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው .500 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ ከ3,300 ጁል በላይ ይሰጣል፤ በ8 ከ3/8 ኢንች በርሜል ሽጉጡ ብቻውን 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል።

አጋዘን ወፍራም ቆዳና ከባድ አጥንት ያለው እንስሳ አይደለም። ከጎን በሁለቱ ሳንባዎች ያለፈ የ.44 አረር በሌላው ወገን ወጥቶ መሬት ይገባል። .500ው የሚጨምረው ጉልበት ከእንስሳው አልፎ አፈር ውስጥ የሚቀር ነው፤ ርግጫው ግን በሙሉ ተኳሹ እጅ ላይ ይቀራል። ርግጫ ሲበዛ ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙን ወደ ታች ይገፋል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማውጣት ወራት ይፈጃል። በዚያ ላይ ከትልልቆቹ ብዙዎቹ አፈሙዛቸው ላይ ርግጫ ለመቀነስ የተበሳ መተንፈሻ ስላላቸው ድምፁ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ማግነም ሪቮልቨር ያለ መተንፈሻም ከ155 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ ጆሮን ለዘለቄታ የሚጎዳው ደግሞ ከ140 ይጀምራል። ሲለማመድ የጆሮ መድፈኛና የጆሮ መሸፈኛ በአንድ ላይ፣ አደን ላይ ደግሞ ትንሹን ድምፅ አሳልፎ ፍንዳታውን የሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ መሸፈኛ ያድርግ።

ስለዚህ ለአጋዘን .44 ማግነም፣ 240 ግሬን፣ ከ6 እስከ 7.5 ኢንች በርሜል እንላለን። ጥይቱ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ገበያ ላይ ስላለ በሁሉም ሱቅ ይገኛል። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፤ .44 ስፔሻል የተባለው ለስለስ ያለ ጥይት እዚያው ሽጉጥ ውስጥ ስለሚተኮስ መለማመድ በእሱ ይጀመራል። .45 ኮልት የሚወድ ካለ አይከፋም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1873 የተሠራው ጥይት በመደበኛ ጭነቱ ከ600 ጁል በታች ነው፤ ለጠንካራ ሪቮልቨር ብቻ ተብለው የሚሸጡት ከባድ ጭነቶች ደግሞ አሮጌ ኮልት ወይም ቅጂው ውስጥ ከገቡ ሲሊንደሩን ይሰነጥቁታል። .357 በሚፈቀድበት ስቴት ከ6 ኢንች በርሜል፣ ከ158 እስከ 180 ግሬን በሆነ የአደን አረር፣ ከ45 ሜትር ሳይርቅ፣ እንስሳው በጎኑ ሲቆም ብቻ ይሁን።

የአረሩ ዓይነት ከካሊበሩ እኩል ይመዝናል። ለራስ መከላከያ የሚሸጠው ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት ቶሎ ተከፍቶ በጥልቀት እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ትከሻ አጥንት ላይ ይበታተንና እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። ካርቶኑ ላይ ለአደን መሆኑ የተጻፈበትን፣ ወይም ወፍራም የመዳብ ልባስ ያለውን ለስላሳ ጫፍ ይምረጥ። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ የእርሳስ አረር ጥልቅ ይገባል፣ ግን አይከፈትም፤ ስለዚህ ኮሎራዶ ላይ አይሆንም።

ርቀቱን የሚወስነው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የራሱ እጅ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ይስቀል። በ15 ሜትር ቆሞ፣ አደን ላይ በሚቆምበት አኳኋን፣ 6 ጥይት ይተኩስ። ስድስቱም ካረፉበት ወደ 25፣ ወደ 40፣ ወደ 50 ይራቅ። አንዷ የወጣችበት ርቀት ወሰኑን አልፏል፤ አደን ላይ ከዚያ ቀድሞ በነበረው ርቀት ይቁም። የ50 ሜትርን መጠን በዓይነ ሕሊና ለማየት ሆጤ ሜዳ መሃል መስመር ላይ ቆሞ ጎሉን የሚያይ ሰው ያስቡ። ብዙ ጥሩ ተኳሾች በብረት ማነጣጠሪያ ከዚያ አያልፉም፣ ሊያፍሩበትም አይገባም። በአንድ ቀን ከ30 በላይ የማግነም ጥይት አይተኩስ፤ ድካሙ ክፉ ልማድ ያስገባል። ምላጭ ላይ መደንገጡን ለማወቅ ጓደኛው ሲሊንደሩን አራት ጥይትና ሁለት ባዶ ቀለህ አቀላቅሎ ይሙላለት፤ ባዶው ላይ ሲደርስ አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ ችግሩ ተገኘ፣ ወደ .44 ስፔሻል ይመለስ።

ጥያቄ፦ በሕግ የተመዘገበ ማካሮቭ አለኝ። ወደ ገጠር ስወርድ ድኩላ አያለሁ። ማደን እችላለሁ?
ከደሴ ዙሪያ

መልስ፦ አይችሉም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሰጠ የሽጉጥ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም፤ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ቦረና ሳይንት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚጠበቁበት እንጂ የሚታደኑበት አይደለም። ሕጉን ትተን እንኳ፣ የማካሮቭ ጥይት ጉልበት 300 ጁል ገደማ ነው፤ ድኩላ በእሱ ቢመታ ቆስሎ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ቀናት እየማቀቀ ይሞታል።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፤ ዴንቨር አካባቢ ካሉ ልጆቼ ጋር እያደንሁ ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ይደበዝዝብኛል። ከልጄ ጠመንጃ ላይ መነጽሩን ፈትቼ ሽጉጤ ላይ ባስረው ይሠራል? ደሴ ሳለሁ የለመድሁት ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያም ተራራ ነው፤ ከፍታውስ ጥይቱን ይቀይረዋል?
ለዕረፍት ደሴ ከመጡ አባት

መልስ፦ አባታችን፣ የጠመንጃ መነጽር አይሆንም፤ ይጎዳዎታልም። የጠመንጃ መነጽር ዓይን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ሽጉጥ በተዘረጋ ክንድ ስለሚያዝ ምንም አይታይዎትም፤ ለማየት ብለው ካስጠጉት ደግሞ ሲራገጥ ግንባርዎን ይሰነጥቃል። የሽጉጥ መነጽር ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚታይ ነው፤ 2 እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲያጎላ የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል።

ለእርስዎ ዕድሜ ግን ቀይ ነጥብ እንመርጣለን። ዓይን አንድ ነገር ላይ ብቻ ያተኩራል፤ አጋዘኑን ያያሉ፣ ነጥቡ በላዩ ይቀመጣል። የነጥቡ መጠን ከ2 እስከ 4 የማዕዘን ደቂቃ (አንዱ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ) ይሁን፤ ባለ 3 ደቂቃው በ50 ሜትር ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይሸፍናል። ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉት፤ ማታና ንጋት ላይ ደማቅ ነጥብ እንስሳውን ይሸፍነዋል። የሚፈታው ሁልጊዜ ማሰሪያው ነው። ብሎኖቹንና ቀዳዳዎቹን ከዘይት አጽድተው፣ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርገው፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ያጥብቁ፤ ከ20 ጥይት በኋላ እንደገና ይፈትሹ።

ዜሮውን፣ ማለትም አረሩ ልክ ባነጣጠሩበት ላይ የሚያርፍበትን ርቀት፣ በ75 ሜትር ቢያደርጉት፣ ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ የ.44ቱ 240 ግሬን በ50 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ በ100 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። በ50 ሜትር ዜሮ ካደረጉት በ75 ሜትር 6፣ በ100 ሜትር 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። እርስዎ ከ60 ሜትር ካላለፉ በ50ው ይርጉ። አየር ሲሳሳ ጥይት ጥቂት ይፈጥናል፤ እንደ ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን በ75 ሜትር ርቀት የሚያመጣው ልዩነት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ብርዱ እጅዎን የሚያደነዝዘው ይበልጣል፤ ጓንቱ የምላጭ ጣትን ነጻ የሚያደርግ ይሁን።

ጥያቄ፦ ያጎቴ ልጅ ሪቮልቨሩ አስቸግሮታል። አንዳንዴ ማግነሙ ጥይት አልገባም ይላል፣ አንዳንዴ ሲሊንደሩ መሃል ላይ ይያዛል። ሽጉጡ ተበላሽቶ ነው?
ከፒያሳ፣ ደሴ

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ጥይቱ የማይገባው በአብዛኛው በአጭሩ ጥይት ሲለማመድ ስለ ከረመ ነው። የ.44 ስፔሻል ቀለህ 29.5፣ የማግነሙ 32.6 ሚሊ ሜትር ነው። አጭሩ በተተኮሰ ቁጥር ጫፉ የሚደርስበት ቦታ ላይ የባሩድ ቅርፊት ይጋገራል፤ ረጅሙ ሲገባ እዚያ ላይ ይቆማል። ገፍቶ ማስገባት አደገኛ ነው፤ አፉ የተጨበጠ ቀለህ አረሩን አልለቅ ብሎ ጫናውን ከፍ ያደርጋል። በናስ ብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ እያንዳንዱን ቀዳዳ አዙሮ ይፋቀው፤ ሲለማመድ ውሎ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ያድርግ።

ሲሊንደሩ የሚያዝበት ምክንያት ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው በርግጫው ምክንያት ከቀለሁ ወደ ፊት የሾለከ አረር ነው፤ ጫፉ ከሲሊንደሩ ፊት ወጥቶ የበርሜሉን ጥግ ይይዛል። ቀላል ክብደት ባላቸው ሽጉጦችና በከባድ አረር ይበዛል። ለማረጋገጥ ስድስት ጥይት ጎርሶ የአንዱን ርዝመት በካሊፐር ይለካ፣ አምስቱን ይተኩስ፣ ያልተተኮሰውን አውጥቶ እንደገና ይለካ። ከረዘመ ያ ጥይት ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም፤ ሌላ ምርት ይሞክር። ሁለተኛው፣ ቀለህ በሚያወጣው ኮከብ ሥር የተቀመጠ ያልተቃጠለ ባሩድ ነው። ቀለህ ሲያወጣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ በኃይል ቢመታው ፍርፋሪው ወደ ታች ይራገፋል፤ አግድም ይዞ ካወጣው ኮከቡ ሥር ይገባል። ሦስተኛው፣ ኮከቡን በጥርስ ብሩሽ አጽድቶም ችግሩ ካልተፈታ፣ የኮከቡ ዘንግ ላልቶ ወይም ጎብጦ ሊሆን ስለሚችል ወደ መሣሪያ ጠጋኝ ይሂድ።

አንዱን ግን በጥብቅ ይንገሩልን፤ ከተለመደው ደከም ያለ «ፓፍ» የሚል ድምፅ ከሰማ ያቁም። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ያፈነዳዋል። ሽጉጡን አራግፎ በርሜሉን በዘንግ ይፈትሽ። በአሸዋ ከረጢት ላይ ደግፎ ሲተኩስም ጣቱን ከሲሊንደሩ ፊት ያርቅ፤ በክፍተቱ የሚወጣው ጋዝ ጓንት ይቀድዳል፣ በ.460ና በ.500 ደግሞ ጣት ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው። ቢስሚላህ ብሎ ይተኩሳል፤ በሕይወት ካገኘው ማረድ ይፈልጋል። ተኩሶ ወዲያው ቢላ ይዞ ይሩጥ ወይስ ይቆይ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ስለ ሐላልነቱ ወንድምዎ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ፤ እኛ የአደኑን እንመልሳለን። እንስሳው በዓይኑ ፊት ወድቆ ከተንቀሳቀሰ መሮጥ ሳያስፈልግ ቀጥ ብሎ ይሂድ። አፈሙዙ እንስሳው ላይ ሆኖ፣ ከጀርባው በኩል፣ ከእግሩና ከቀንዱ ርቆ ይቅረብ። ራሱን ካነሳ ሁለተኛ ይተኩስ። ጸጥ ካለ የተወጠረውን መዶሻ አብርዶ ሽጉጡን ማኅደሩ ውስጥ ከትቶ፣ ቢላውን ከዚያ በኋላ ይምዘዝ፤ በአንድ እጅ ቢላ በሌላው የተወጠረ ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ራሱን ይመታል።

ሮጦ ከዓይን ከተሰወረ ግን የተመታበትን ቦታ ምልክት አድርጎ 30 ደቂቃ ይቆይ። በሳንባ የተመታ አጋዘን 100 ሜትር ሳይሞላ ይወድቃል፤ ካልተከተሉት እዚያው ይተኛል፣ ከተባረረ ግን ደም ሳያንጠባጥብ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይታገሥ። አረንጓዴ ፈርስ ወይም ሽታ ካለው አንጀት ነው፣ 8 ሰዓት ያህል ይቆይ። በሕይወት የመድረስ ዕድል የሚኖረው ቀርቦ በተኮሰ፣ የወደቀበትን በዓይኑ ባየ ሰው ነው፤ ስለዚህ ወንድምዎ ከ30 ወይም ከ40 ሜትር ባያልፍ ይሻለዋል። ቨርጂኒያ ሽጉጥ በሚፈቀድበት ቦታ ካሊበሩ ከ.23፣ አምራቹ የጻፈው ጉልበት ከ350 ፉት ፓውንድ (475 ጁል) እንዳያንስ ትጠይቃለች። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፤ ማለፉ በቂ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦሃዮ ሆኖ አጋዘን ይገድላል፤ ሥጋው ግን ሁልጊዜ በጾም ይደርሳል። እስከ ገና ይቆያል? ክትፎስ ይሆናል?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ የኦሃዮው የጠመንጃና የሽጉጥ ሳምንት የሚጀምረው ከምስጋና ቀን ቀጥሎ ባለው ሰኞ ስለሆነ፣ ኅዳር 15 ከሚገባው የነቢያት ጾም ውስጥ መውደቁ አይቀርም። ሥጋው ይቆያል። እንደ ወደቀ ሆድ ዕቃውን ያውጣ፣ ውስጡን በበረዶ ያቀዝቅዝ፣ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ቦታ ጥቂት ቀን ያንጠልጥለው፣ ከዚያ በጠባቡ ጠቅልሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያስቀምጠው፤ ከገና አልፎ ፋሲካም ይደርሳል። አረሩ የገባበትንና የወጣበትን ዙሪያ፣ ደም የቋጠረውን ሁሉ፣ በትንሹ 10 ሴንቲ ሜትር አስፍቶ ቆርጦ ይጣለው፤ የእርሳስ ፍርፋሪ በዓይን ሳይታይ እዚያ ይቀራል፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ደግሞ መርዝ ነው። ልባሱም ውስጡም መዳብ የሆነ አረር ቢጠቀም ይህ ሥጋት ይቀርለታል።

ክትፎና ጥሬ ሥጋ አይሆንም። የዱር እንስሳ ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ስለሚችል መሃሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል፤ ጥብስም ወጥም ያምርበታል። በኦሃዮም በኮሎራዶም አጋዘኖችን የሚያመነምን የአንጎል በሽታ ስለ ተገኘ ጭንቅላቱን ለምርመራ ይስጥ፣ ውጤቱ ሳይመጣ አይብላ። አንጎሉን፣ ሰረሰሩን፣ ዓይኑን፣ ጣፊያውንና እጢዎቹን ግን ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም ለምግብ አያውል። ሲበልትም ሥጋውን ከአጥንቱ እየገፈፈ ያውጣ እንጂ የጀርባውን አጥንት በመጋዝ አይሰንጥቅ።